ቡሬ ያልተነሣችበት ቀን

ወንድሜ ሙሐመድያሲን ከቢቸና ፉርሽካ ጭኖ ወደ ቤታችን ወደ ሞጣ ሲመለስ ከመኪና ካስወረዱት ወዲህ፣ ላማችን ቡሬ ከሰዓት በኋላ መተኛት ትታለች። እነማን እንዳስወረዱት ሾፌሩ አልተናገረም፤ እኛም ደጋግመን አልጠየቅነውም። ፉርሽካው ሞጣ ገባ፤ እሱ አልገባም።

ወሬውን ሰምቼ ከሆላንድ ስመጣ የሱ ልጅ ገና ጨቅላ ነበረች። የሚስቱ የሳቢራ ጡት በድንጋጤ ደርቆ፣ ሕፃኗን የያዛት የቡሬ ወተት ነው። እሱም በየቀኑ ይቀንስ ነበር።

እዚያ የተማርኩት የላሞችን ውሎ ነው፤ መቼ እንደሚቆሙ፣ መቼ እንደሚተኙ፣ ያ ወተታቸውን ምን እንደሚያደርገው። ጎረቤታችን ፋንታ ይህን ሲሰማ፣

“ላም ስትተኛ ለማየት ባሕር ተሻገርክ?” ብሎ ስቆብኛል። “የኔ ሰነፍ በሬ ተኝቶ ነው የሚውል። በነፃ አሳይህ ነበር።”

እኔም ራሴ ጥቅሙን እጠራጠራለሁ። ግን ሌላ የማውቀው የለኝምና በረቱ አጠገብ ተቀምጬ አየኋት። ጠዋት ደኅና ናት፤ ትበላለች፣ ትተኛለች፣ ዓይኗን ከደን አድርጋ ታመሰኳለች። ከሰዓት በኋላ ግን የቢቸና መኪኖች ጡሩንባ በተሰማ ቁጥር ብድግ ብላ ፊቷን ወደ መንገዱ በር ታዞራለች። መኖዋ አልጎደለም፤ የጎደለው ዕረፍቷ ነው።

እናቴ ኸይራትም አብራት ትቆማለች።

“አየህ?” አለችኝ። “ትጠብቀዋለች። ከብት ሐሰት አያውቅም። ልጄ ሞቶ ቢሆን ይቺ ትነሣ ነበር?”

ይህን እያለች ከሻሿ ጫፍ እፍኝ ፉርሽካ ፈትታ አበላቻት።

ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። ሙሐመድያሲን ከመኪና እንደወረደ ከጆንያው ዘግኖ ያቀምሳት ነበር፤ እሱ ሲቀር እናቴ ጡሩንባ በተሰማ ቁጥር ቀጠለችበት። ላሟ የምትነሣው ለእፍኟ ነው።

አንድ ጠዋት ሳቢራ ጆጉን አዘንብላ አሳየችኝ። ከታች ትንሽ ወተት ተኝቶበታል።

“ጋሼ፣ በውኃ ሳቀጥነው ትተፋዋለች” አለችኝ። “ይቺ ልጅ ልትሞትብኝ ነው።”

ወደ እናቴ ሄድኩ።

“እማ፣ ከሰዓት ፉርሽካ አትስጫት። ላም ካልተኛች ወተቷ አይሞላም። ጠዋትና ማታ እኔ አበላታለሁ።”

“እፍኝ ብሰጣት ምን አለበት? የሱ ወዳጅ ናት።”

“ለልጅቷ ስትይ።”

“ለልጅቷ ካልክ እሺ” አለችና መዳፏን በቀሚሷ ጠረገች። የቀረውን አልነገርኳትም።

ቃሏን ጠበቀች። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቡሬ እየተነሣች የእናቴን ባዶ መዳፍ ትልስ ነበር። ኋላ ኋላ ራሷን ብቻ ቀና ማድረግ ጀመረች። ወተቱም ቀስ በቀስ ተመለሰ፤ ሕፃኗ ጠግባ ተኛች።

ከዚያ አንድ ሐሙስ ጡሩንባው ጮኸ። ቡሬ ተኝታ ታመሰኳለች። ጆሮዋን እንኳ አላዞረችም።

እናቴ የበሩን መቀርቀሪያ እንደያዘች ዞራ አየቻት።

“ተነሺ” አለቻት። በእግሯ ነካ አደረገቻት። “ምነው ቡሬ? ተነሺ እንጂ!”

“እማ፣ ፉርሽካው ነው” አልኩ። “ድሮም የምትነሣው ለፉርሽካው ነው። መተኛቷ ስለሱ ምንም አይናገርም።”

“ታዲያ ያን ሁሉ ቀን ብቻዬን ነው የቆምኩት?”

መቀርቀሪያውን ወደ ቦታው መለሰችው።

“ሸሁን ጥራልኝ። ይሰገድለት።”

አስከሬኑ በሌለበት ለሞተ ሰው የሚሰገደውን ሶላት ማለቷ ነበር። ሳቢራ ከጓዳ ሰምታ ወጣች።

“እኔ ባሌን አልቀብርም! ማን አየው ሞቶ? ላም ስለተኛች?”

ሕፃኗ ወተት በአፏ እንደያዘች አለቀሰች።

ተሰገደለት። ጎረቤቱ ለተዝያ፣ እኛን ሊያጽናና፣ መጣ፤ ፋንታም አንገቱን ደፍቶ ደጅ ተቀመጠ፤ አልቀለደም። ቡሬ የዚያን ቀን ማታ ጆጉን ሞላችው።

በማግስቱ ጡሩንባው ሲጮኽ እናቴ ከምንጣፉ አልተነሣችም። ከበረቱም ኮሽታ አልተሰማም። እኔ ግን ሳላስበው ብድግ ብዬ የመንገዱን በር ከፈትኩ።