ባለሦስት ጣቱ ደጃፍ

እንግዳው የሚባል ግንበኛ ለገዛ ሠርጉ የሚሠራውን ቤት ጨርሶ የቀረው የደጃፉ ድንጋይ ብቻ ነበር። ከላሊበላ ወደ ተከዜ ቁልቁል ሲወረድ ቀይ የአሸዋ ድንጋይ ያለበት ገደል አለ። ድንጋዩ ንጣፍ በንጣፍ ሆኖ ስለሚላቀቅ ለመፍለጥ አያስቸግርም። ከዚያ አንድ ሰፊ ጠፍጣፋ ፈልጦ፣ በጓደኞቹ አሸክሞ አመጣና ደጃፉ ላይ አነጠፈው።

የሙሽራዪቱ የትሁን እናት፣ ወይዘሮ ወለተ ሐና፣ ቤቱን ሊያዩ የመጡት በማግስቱ ነው። ግድግዳውን በመዳፋቸው ዳበሱ፤ ደስ አላቸው። ሊገቡ እግራቸውን ሲያነሡ ግን ባሉበት ቀሩ። ድንጋዩ ላይ የእግር ዱካ አለ። እንደ ዶሮ ሦስት ጣት ነው፤ ስፋቱ ግን ሰፌድ ያህላል።

«ይሄን የቀረጽኸው አንተ ነህ?» አሉት።

«እኔ አይደለሁም፣ እሜቴ። ስፈልጠው እንዲሁ ወጣ። አምሮኝ አመጣሁት።»

«ልጄ የማላውቀውን አውሬ እግር ተሻግራ ቤት አትገባም። ወይ ድንጋዩ ይነሣል፣ ወይ ሠርጉ ይቀራል።»

እንግዳውን ይወዱታል፤ የተናገሩትም ወዲያው ቆጫቸው። ግን ፈርተዋል።

ወሬው የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ጓድ አረጋ ጆሮ ደረሰ። በዚያ ሰሞን ድንጋይ የሚያጠኑ የመንግሥት ባለሙያዎች ላሊበላ ሰፍረው ስለነበር አንዷን ይዞ መጣ። ረሒማ ትባላለች፤ ጂኦሎጂ የተማረች የደሴ ልጅ ናት። ድንጋዩን እንዳየች ተንበረከከች። ጣቷን በዱካው ዙሪያ አዞረች። ቀና ስትል ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«እማማ፣ ይሄ ድሮ የወንዝ ዳር እርጥብ አሸዋ ነበር። ዳይኖሰር የሚባል ትልቅ እንስሳ ረገጠው። ደረቀ፤ ሌላ አሸዋ ሸፈነው፤ ሁሉም ድንጋይ ሆነ።»

«መቼ ነው የረገጠው?»

«ሰው ገና ምድር ላይ ሳይኖር።»

«ያየው ሰው የለማ።»

«የለም።»

«እግዜር አይቶታል» አሉ ወለተ ሐና። ከዚያ ወደ ሊቀመንበሩ ዞረው፣ «ጓድ አረጋ፣ የይለፍ ወረቀት ሳይዝ በቀበሌህ አልፏልና ምን ታደርገዋለህ?»

አረጋ ሊቆጣ አስቦ ነበር፤ ሳቁ ቀደመው። ሁሉም ሳቁ። ወለተ ሐናንም ፍርሃቱ በዚያው ለቀቃቸው።

ረሒማ ድንጋዩን ወደ አዲስ አበባ ልትወስደው ስትጠይቅ ግን ወለተ ሐና እንቢ አሏት። «እግዜር ያየው ነው፤ ከልጄ ደጃፍ አይነሣም።»

እንግዳው የሰማውን አላመነም። ትናንት ይጣል ያሉት እሳቸው ነበሩ።

«እዚህ ከቆየ በእግርና በዝናብ አልቆ ይጠፋል» አለች ረሒማ በልመና ድምፅ። «የወጣበትን ቦታ ልይና እንነጋገር።»

አብረው ወረዱ። እንግዳው በፈለጠበት ንጣፍ ላይ ዱካው ቀጥሎ ነበር፤ ትልልቁ ተከታትሎ፣ አጠገቡ ደግሞ መዳፍ የማይሞላ ትንሽ ዱካ። ወለተ ሐና ትንሹ ላይ ቆሙ። ትሁን ገና መራመድ ስትጀምር ቀሚሳቸውን ይዛ ትከተላቸው እንደነበር ትዝ አላቸው።

«ልጇ ናት?»

«አላውቅም፣ እማማ። አብረው ይሂዱ፣ በየፊናቸው ይለፉ፣ ማወቅ አልችልም።»

«አብረው ናቸው» አሉ ወለተ ሐና፣ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው እያስጠጉ። ወደ ረሒማ ዞረው፣ «የደጃፉን ውሰጂው፣ ልጄ። እነዚህን ግን ማንም እንዳይፈልጣቸው።»

አረጋ በቀጣዩ ስብሰባ ቦታው እንዳይነካ አስወሰነ። እንግዳውም ደጃፉን በሌላ ድንጋይ አነጠፈ።

ለሠርጉ ረሒማ ተጠራች። ለእሷና ለሙስሊም ጎረቤቶች የመንደሩ ሼህ ሸዕባን በግ ባርከው አረዱ። ማምሻውን ወለተ ሐና የረሒማን እጅ ይዘው ወደ ጭፈራው አስገቧት። እስክስታ አልችልም ብትልም የሰማት አልነበረም፤ ትሁን ከሙሽራ ወንበሯ ሆና እያየች እስኪደክማት ሳቀች።