በድሮው ሕግ የሚጫወቱ

ሱዳን፣ ገዳሪፍ የስደተኞች ካምፕ ውስጥ፣ ዛሬ አርባ ዓመት ሊሆነው ነው፣ ሁለት ሽማግሌዎች ገበጣ ሊጫወቱ ተቀምጠው፣ አንደኛው «ቆይ፣ በእናንተ አገር ሕግ ነው ወይስ በእኛ?» ሲል ውብሸት ሰምቷል። ያኔ ልጅ ነበር። የሌላኛው መልስ ከጆሮው ጠፍቷል፤ የጠጠሮቹ ድምፅ ብቻ ቀርቷል።

አሁን ላስ ቬጋስ፣ ካዚኖ ውስጥ ካርታ ያድላል። አንድ ቀን ሺፍት ስላልነበረው ሰመርሊን በሚባለው ሰፈር፣ የእህቱ ልጅ የሳሮን ቤት የመኪና ገራዥ ውስጥ ቁጭ ብሎ መጽሐፎቿ ላይ ስቲከር ይለጥፍላታል።

ሳሮን የጌም መጽሐፍ ታሳትማለች። ሰዎች ጠረጴዛ ከበው፣ ዳይስ እየወረወሩ፣ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ሆነው ታሪክ የሚፈጥሩበት ጨዋታ ነው። የሕጉን መጽሐፍ አንድ ትልቅ ኩባንያ ያወጣል፤ እሷ በዚያ ሕግ የሚሄዱ ታሪኮች ትጽፋለች። አምና ኩባንያው ሕጉን አሻሻለ። ሱቆቹም የሳሮንን መጽሐፍ «የድሮ ነው» እያሉ መለሱላት። ገራዡ በካርቶን ሞላ፤ መኪናዋ ደጅ ፀሐይ ይመታታል። ይኼ ካልተሸጠ ሁለተኛው መጽሐፏ አይታተምም። ስለዚህ ሽፋኑ ላይ በየትኛው ዓመት ሕግ እንደተጻፈ የሚናገረውን መስመር የሚደፍን ስቲከር አሠራች። «ከአዲሱ ሕግ ጋር ይሄዳል» ይላል።

«ይሄዳል እንዴ?» አላት ውብሸት።

«ትንሽ ያነክሳል ጋሼ። በአዲሱ ሕግ ተጫዋቾቹ ጠንክረዋል፣ ጭራቆቼ ቶሎ ይሞታሉ።»

ስልሳ ያህል እንደለጠፉ ቡርሃን መጣ። የሆቴል ሻትል ሹፌር ነው፤ የመጀመሪያ ደንበኛዋ። ለባለቤቱ ለሃዲያ አንድ ቅጂ ፈልጎ ነበር። ከላይ ያለውን አንስቶ ሽፋኑን አየና መልሶ አስቀመጠው።

«የድሮው አለቀ?»

«ይኼ ይሻልሃል፤ የአዲሱ ነው።»

«እኛ ቤት በድሮው ነው የምንጫወተው። የሕግ መጽሐፋችን መቼ ተቀደደና አዲስ እንገዛለን? ያንቺን የድሮውን ፍለጋ ቦልደር ሲቲ ያሉ ሱቆች ድረስ ሄጃለሁ፤ ሁሉም ከመደርደሪያ አውርደውታል።»

ውብሸት እጁ ላይ የነበረውን ስቲከር አየ። ይህን ሥራ ሳያማትብ እንደጀመረ ትዝ አለው።

«እኛ ካዚኖ የጠረጴዛው ሕግ ሲቀየር ጠረጴዛው የለበሰው ጨርቅ ላይ ይጻፋል» አለ ቀስ ብሎ። «ሰው አንብቦ ይቀመጣል፣ ካልጣመውም አንብቦ ይሄዳል።»

ቡርሃን ሳቀ። «ሳሮን፣ ካዚኖ በሐቀኝነት በለጠሽ እኮ።»

«ለአንተ ቀላል ነው። አዲሱን ሕግ የገዙትን ምን ልበላቸው?»

«የጭራቆቹን ማስተካከያ ለብቻ ጻፊላቸዋ» አለ ውብሸት።

«ሁለት ገጽ…» አለች ለራሷ። ካርቶኖቹን ዞራ አየች። «ሁለት ገጽ ይበቃል።»

ውብሸት ጥፍሩን ስቲከሩ ጠርዝ ላይ አሳርፎ ጠበቃት።

«ላጠው ጋሼ» አለች። ስልሳውንም ሊልጡ፣ የሕጉ ዓመት በግልጽ እንዲነበብ ሊተዉ፣ ማስተካከያውንም በየመጽሐፉ ውስጥ በነፃ ሊጨምሩ ተስማሙ። ቡርሃን ግን ማስተካከያውን አልጠበቀም፤ ስቲከሩ የተላጠለትን፣ ሙጫው ገና የሚያጣብቀውን የመጀመሪያውን ቅጂ ለሃዲያ ይዞላት ሄደ።