ዲኑ «ልጄ» ሲሉ

«ውዷ ልጄ፣ ዶርምሽ እንዳይሰረዝ ፓስወርድሽን እዚህ አስገቢ» ይላል ከኮሌጁ ዲን የመጣው ኢሜይል። ቀጮ ሳቋ መጣ። ሰላም ሲሏቸው አንገታቸውን እንኳ የማይነቀንቁት ሰውዬ ከመቼ ወዲህ ነው ልጄ ማለት የጀመሩት? ጉዱን ለማየት የላኪውን ስም ነካ ብታደርገው፣ ከሥሩ ጭራሽ የኮሌጁ ያልሆነ አድራሻ ብቅ አለ።

«ነይማ፣ የሌባ ኢሜይል ላሳይሽ» አለቻት የዶርም ጓደኛዋን።

ጓደኛዋ አይታ ክው አለች። «ለእኔም መጥቶ፣ አሁን እኮ ፓስወርዴን አስገባሁ።»

«በይ ተነሺ፣ ለአይሲቲ ቢሮ እንንገር።»

«ይስቁብኛል።»

«ሌባው ከሚስቅብሽ እነሱ ይሳቁ።»

የአይሲቲዋ ሴትዮ ግን ሳትስቅ አካውንቱን አየች። ቀጮ አንገቷን አስግጋ፣ «እትዬ፣ ገብቶበታል?» አለች።

«ቀድማችሁታል። ፓስወርዱን አሁኑኑ ቀይሪ፤ እኔ ሌሎቹን ላስጠንቅቅ።»

ጓደኛዋ እፎይ ብላ ኪቦርዱን ሳበችና ቀጮን ገላመጠቻት። «አንቺም ፊትሽን አዙሪ።»