የጃፋር ባሕር

ከከተማው ዳር፣ ሶባ ላይ ያለው የደላላው ጃፋር ቤት አንድ ጉድለት ነበረበት፤ ግድግዳው ላይ ማዕበል ተሰቅሏል። ጦርነቱ ካባረራቸው የማንሺያ ሰፈር ባለጸጎች ዕቃ መሀል በርካሽ ያነሳው ትልቅ ሥዕል ነው፤ ጥቁር ደመና፣ ዝሆን የሚያህል ሞገድ፣ ሞገዱ አፍ ውስጥ አንዲት ጀልባ፣ ጀልባዋ ላይ እጁን የሚያውለበልብ ሰውዬ። ጃፋር ለወጉ ሰቀለው። በሊቢያ በኩል ባሕር ሊሻገር የመጣ ሁሉ ግን ሻዩን ፉት እያለ ቀና ይልና፣ «እስቲ መክሬ ልመለስ» ብሎ ይወጣል። መክሮ የተመለሰ የለም።

«ባሕሩን አረጋጋልኝ» አለው ጃፋር ይማምን፤ የወሎ ልጅ ነው፣ ቤት እየቀባ የሚያድር። «ካረጋጋኸው በነጻ ትሳፈራለህ። ወላሂ!»

ይማም ኖራ በሰማያዊ በጥብጦ ደመናውን አጠራው፣ ሞገዱን አስተኛው፣ ጀልባዋን ደፈናት። ኖራ በቅባት ቀለም ላይ እንደማይዝ ያውቃል። እስኪሳፈር ከቆየለት ምን ቸገረው!

«ይኼ ባሕር ነው ትሪ?» አለ ጃፋር ደስ ብሎት።

ከሰዓት በኋላ መንገደኞች ገቡ። ከመሀላቸው የአክስቱን ልጅ ኒዕማን ሲያይ ይማም ብሩሹን ባልዲው ውስጥ ለቀቀው። ማንሺያ ሰው ቤት ትሠራ ነበር፤ ለጉዞ መቁረጧን አልነገረችውም።

«ያላ፣ ሎሪው ዛሬ ይነሳል፤ ስምሽን ንገሪኝ» አለ ጃፋር።

ኒዕማ ግን ዓይኗ የሥዕሉ ክፈፍ ጥግ ላይ፣ ስንጥቁ ላይ ቀርቷል።

«ይቺን በመጥረጊያ የሰበርኳት እኔ ነኝ። ማዳም ቤት አቧራዋን ስጠርግ ነው የኖርኩት። እዚህ ጋ ጀልባ ነበረች፤ የት ሄደች?»

«ደረሰቻ!» አለ ጃፋር ዓይኑን ሳያሽ። «አልሐምዱሊላህ፣ ጣሊያን ገባች!»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ኒዕማ አልሳቀችም። የይማም ጥፍር ሥር የገባውን ሰማያዊ ቀለም አየች።

«ይሙዬ፣ ደርሳለች?»

ሳቁ በረደ። ጃፋር በግንባሩ ወደ መስኮቱ ጠቆመው። ውጭ ሎሪው ሞተሩን አስነስቷል። ይማም ሎሪውን አየ፣ እሷን አየ። ከባልዲው እርጥብ ጨርቅ አንስቶ ሥዕሉን ከዳር እስከ ዳር ሞዠቀው። ሰማያዊው ወለሉ ላይ ተንጠባጠበ፤ ሞገዱ ተነሳ፤ ጀልባዋም ብቅ አለች፣ እጁን ከሚያውለበልበው ሰውዬ ጋር።

«አልደረሰችም፣ እህቴ።»

«ኸላስ! ቦታህ ተሰረዘ! ውጣልኝ!»

ኒዕማ ፌስታሏን አንስታ ከይማም ጋር ወደ በሩ አመራች። ከኋላዋ አንዱ መንገደኛ የሻይ ብርጭቆውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ።

«እስቲ እኔም» አለ፣ «መክሬ ልመለስ።»