ሁሪያ ውሃ የገባች ቀን

ሁሪያ አሰብ ከተማ፣ ቀይ ባሕር ዳር ተወልዳ እስከ አሥራ ሁለት ዓመቷ እዚያው አደገች። የባድመ ጦርነት ሲነሳ ወላጆቿ ወደ ወሎ ተመለሱ፤ ባሕሩንም ዳግም አላየችው። አግብታ መቀሌ ገብታ፣ ቀዳማይ ወያነ ገበያ ቅመም መሸጥ ከጀመረች ብዙ ዓመት ሆናት። ስለ ባሕሩ ግን ለልጆቿ አውርታ አታውቅም።

ትምህርት በተዘጋበት ክረምት፣ ዝናቡ ባባራበት አንድ እሑድ፣ ቤተሰቡ ቆሎና የተቀቀለ ድንች ቋጥሮ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለ ግድብ ሄደ። ልጆቹ ጠጠር ሲወረውሩ ሁሪያ ጫማዋን አውልቃ ከነቀሚሷ ውሃው ውስጥ ገባች።

"አንቺ ሴት፣ ምን ነካሽ?" ብሎ ባሏ ኑርሁሴን ብድግ አለ። እሱ የደጋ ሰው ነው፤ ውሃ ይፈራል።

ውሃው ወገቧ ላይ ሲደርስ ወደ ኋላ ተጋደመችና ተንሳፈፈች።

"እማ፣ ዋና ትችያለሽ እንዴ?" አለች የአሥር ዓመቷ ኢህሳን።

"ነይ፣ አንቺም ትችያለሽ።"

ልጇን ውሃው ላይ በጀርባዋ አስተኝታ መዳፏን ከሥር ዘረጋችላት፤ የወደብ ሠራተኛ የነበረው አባቷም እሷን እንዲሁ ነበር የያዛት። "አትታገዪው፤ አልጋሽ ላይ እንደተኛሽ ሁኚ።" ኢህሳን ስትረጋጋ ሁሪያ እጇን ቀስ አድርጋ ሳበች። ልጅቱ አልሰጠመችም።

"አባ፣ እየኝ!"

ኑርሁሴን ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ፣ ትንሹን ልጃቸውን ጠሃን እጁን ይዞ ገባ። "ይህን ሁሉ ዓመት ደብቀሽኝ?" አላት።

ሁሪያ ከንፈሯን ላስ አደረገች፤ እንደ ባሕሩ ጨው የለውም። "እኔም የረሳሁት መስሎኝ ነበር" አለችው። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ድረስ ከውሃው የሚያወጣት አልተገኘም።