ሃያ ሦስተኛው ቤት

የካዚኖው ባለቤት የቻይና ቁማርተኞችን ደስ ላሰኝ ብሎ የአንዱን አዳራሽ ጣሪያ ሰማይ አደረገው። በቻይናዎች ቆጠራ ጨረቃ በየሌሊቱ እየቀያየረች የምታድርባቸው ሃያ ስምንት ቤቶች አሏት። ሁሉም በጥቃቅን አምፖል ተሠርተው ጣሪያው ላይ ይበራሉ። ከታች ያለው ሰው ግን ዐይኑ ካርዱ ላይ ነው፤ ለሰማይ ማን ደንታ አለው? ቀና የሚለው አምፖል ቀያሪው ኪዳኔ ብቻ ነው።

ሃያ ሰባቱ ቤቶች ጨዋ ናቸው። ሃያ ሦስተኛው አመል አወጣ። አራት አምፖሎች በአራት ማዕዘን፣ መሐላቸው እንደ ጉም የደበዘዘ ብርሃን። ከአራቱ ከኋላ በግራ በኩል ያለው ይጠፋል። ኪዳኔ አምፖሉን ቀየረ፣ ሽቦውን ቀየረ፤ በሦስተኛው ቀን ጠፍቶ ይጠብቀዋል። ይባስ ብሎ ቆሞበት ወደ ጣሪያው የሚወጣበት ባለጎማ ሊፍት፣ እዚያ ቤት ሥር ሲደርስ ብቻ፣ ሁለተኛ ሰው የተሳፈረበት ይመስል ጭነት በዛ ብሎ ይጮኻል። ኪዳኔ ዞር ብሎ ያያል። ማንም የለም። የግራ ትከሻው ግን ይከብደዋል።

ማክሰኞ ጠዋት ካርድ የምታድለውን ኤፊን ጠየቃት። አያቷ ቻይና ውስጥ ኮከብ ያዩ ነበር።

"እሱ የሙታን መንፈስ ቤት ነው" አለችው። "አራቱ ኮከቦች ሙት የሚሸከሙበት ናቸው። መሐል ያለው ጉም የተከመረ ሬሳ እንፋሎት ነው ይላሉ።"

በእንግሊዝኛ ነበር ያወራችው፤ ኪዳኔ የሰማው ግን አንድ ቃል ነው፦ ቃሬዛ።

በሰባ ሰባት ወደ ሱዳን ሲሰደዱ፣ አራት ሆነው የታመመ ጓደኛቸውን ሲራክን በቃሬዛ ተሸክመው ነበር። ኪዳኔ ከኋላ በግራ ነበር። አንድ ቀትር ላይ ትከሻው እምቢ አለውና ዝቅ አለ። አንዱ ዝቅ ካለ ቃሬዛ አይቆምም። አወረዱት፤ ትተውት ሄዱ። ሲራክ ገና ይተነፍስ ነበር። ካምፕ ሲደርሱ ለእህቱ ለወርቅውሃ "ዛፍ ሥር ቀበርነው" አሏት። ሦስቱ ዛሬ በሕይወት የሉም። ኪዳኔ አርባ ዓመት ሆድ ይፍጀው ብሎ ኖረ። የሰው ሆድ መቼም ብዙ ይችላል።

አሁን ግን ወርቅውሃ ሐሙስ ልትበር ነው፣ የወንድሟን አጥንት አውጥታ ቤተ ክርስቲያን ልታሳርፍ። ከኪዳኔ የፈለገችው አንድ ነገር ነው፤ ዛፉን። የውሸት ዛፍ ቢነግራት የማንን አጥንት አቅፋ ታለቅስ ይሆን? እውነቱን ቢነግራትስ በምን ዐይኗ ታየዋለች? ፈራ።

ሺፍቱ ሲያልቅ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ እዚያው ከተማ ዊንቸስተር የሚባለው ሰፈር ወዳለው የወርቅውሃ አፓርታማ ሄደ። ሻንጣዋ ተከፍቷል። ላዩ ላይ አጥንቱ የሚጠቀለልበት ነጭ አቡጀዲ ተቀምጧል።

"መጣህልኝ? ፓርክ ማድረጊያ አገኘህ?" ብላ ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጠችው። "በል ቦታውን ሳልልኝ፤ እዚያ ደርሼ እንዳልጠፋ።"

ኪዳኔ አራት ነጥብ ጣለ፣ በአራት ማዕዘን። ሦስቱን አደመቃቸው። አራተኛው ላይ እስክሪብቶው አልጽፍ አለ።

"ዛፉ የታለ?"

"ዛፍ የለም፣ እትዬ ወርቅውሃ። አልቀበርነውም። በሕይወቱ ነው ያወረድነው። መጀመሪያ ዝቅ ያልኩት እኔ ነኝ።"

ወርቅውሃ ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበችው። ብትጮኽበት ይሻለው ነበር።

"ተናገረ?" አለች።

"አዎ።"

"ምን አለ?"

"'ኪዳኔ፣ ትከሻህን አመመህ እንዴ?' አለኝ።"

በሁለት እጇ ፊቷን ሸፈነች። "እሱ ነው! ወንድሜ ነው፣ እንዲህ ነበር!" አርባ ዓመት ድምፅ ያልነበረው ሙት አፍ አወጣ፤ ወርቅውሃ አምርራ አለቀሰች።

ሲበቃት ተነሳች። አቡጀዲውን ከሻንጣው አንስታ ኪዳኔ ግራ ትከሻ ላይ ጫነችው።

"ቦታውን የምታውቀው አንተ ብቻ ነህ። ከሥራ ኦፍ ጠይቅ፤ አብረን እንሄዳለን።"

"እትዬ፣ ስንት ዘመን ሆነው! ምንም ላናገኝ እንችላለን እኮ።"

"ካላገኘን ባዶውን ተሸክመህ ትመለሳለህ።"

ጨርቁ ኪሎ አይሞላም። ኪዳኔን ግን የሰው ያህል ከበደው። ሊያወርደው እጁን አነሳና ተወው።