ከጀርባ የቆመው

ብዙወርቅ ኮምፒውተሩ ላይ ባለው ፎቶ የሙሽራዋን ጉትቻ አለፈች፤ ትከሻዋን አለፈች፤ ከኋላዋ ያለውን አጎላችው። ድንኳኑ አፍ ላይ ሰው ቆሟል። ቁመቱ የበቃሉ ነው። አቋቋሙም የእሱ ነው፤ አንድ እግሩን አሳርፎ። ፊት ግን የለውም። አፍንጫው ያለበት ጭጋግ፣ ዓይኑ ያለበት ጭጋግ።

የሚቀጥለውን ከፈተች። ያው ነው።

አልአሚን ፎቶ ቤቷ በር ጋ ካለችው ዱካ ላይ ተቀምጦ ኮምፒውተሩን ሳይሆን እሷን ያያል። እሱና በቃሉ አሶሳ ውስጥ ድንኳንና ወንበር ሲያከራዩ የኖሩ ባልንጀሮች ናቸው። ከጎኑ የበቃሉ እናት፣ እማማ ወለተሥላሴ፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው ተቀምጠዋል። ትናንት ነው ከፓዌ የደረሱት። ነገ በመጀመሪያው መኪና ይመለሳሉ። እዚያ ገና አልተለቀሰም። በሰፈራው ጊዜ ከላስታ አብሯቸው የሄደው ሰው ሁሉ፣ በቃሉን በሕፃንነቱ ያዘለው ሁሉ ቁጭ ብሎ የሚጠብቀው እሳቸውን ነው። እሳቸውን፣ ይዘው የሚመጡትንም ፎቶ።

በቃሉ የሞተው በባምባሲ መንገድ ነው። ድንኳን የጫነው አይሱዙ ደራሽ ውሃ የሞላው ጅረት ዳር ሲደርስ ሹፌሩ ፈራ። በቃሉ የድንኳን ብረት ይዞ ጥልቀቱን ሊለካለት ገባ። ብረቱ ተገኘ። እሱን ጅረቱ ዳቡስ ወንዝ እስከሚገባበት ድረስ ፈለጉት፣ የለም። ስልኩ ኪሱ ውስጥ ነበር፤ መታወቂያውም። ቴሌግራሙ ላይ ያለው ፎቶ የራሱ አይደለም፣ የቀይና ነጭ ድንኳን ነው፣ ከነስልክ ቁጥሩ። የሰውን ሁሉ ሰርግ ሲያቆም ኖሮ የራሱን ሳያቆም ነው የሄደው፤ የሰርግ አልበም እንኳ የለም።

አስከሬን ከሌለ የሚለቀሰው ፎቶ ላይ ነው። ፎቶም ከሌለ ምን ላይ ይለቀሳል? የድንኳን ብረት ላይ?

«ብዙወርቅ፣ አንተ ሁልጊዜ ሰርግ ላይ ከእሱ ጋር ነው» አላት አልአሚን። አፉን የፈታው በበርታኛ ነው፤ አማርኛው ሴትና ወንድ አይለይም። «አንድ ፎቶ ጠፋ?»

ጠፋ። ምን ብላ ትንገረው? እሷ ስታነሳ በቃሉ ድንኳን ያጠብቃል፤ ሁለቱም አንድ ሰርግ ላይ ነው የሚውሉት። ቀለበት ሊታሰር ሲል ገመድ ይላላል፤ ኬክ ሊቆረስ ሲል ምሰሶ ይዘማል። በቃሉ ደግሞ የላላ ገመድ አይቶ አያልፍም፤ ሮጦ ይገባል፣ በትክክል ሙሽሮቹ መሃል። «በቃሉ፣ ውጣልኝ!» ትለዋለች፤ ጎንበስ ብሎ በእጁ ፊቱን ከልሎ ይወጣል። አምልጧት የገባውንም በኋላ ስትመርጥ ትሰርዘዋለች። ድንኳን ጣይ የቆመበትን ፎቶ የትኛዋ ሙሽራ አልበም ውስጥ ታስገባለች? ስንት ጊዜ ነው የሰረዘችው። በገዛ ጣቷ።

የመጨረሻው ሰርግ ላይ ግን አልጮኸችበትም። ያን ቀን የያዘችው የእዩኤልን ካሜራ ነበር።

የእሷ ካሜራ ጀማሪ የሚገዛው ዓይነት ነው፣ ከሳጥኑ አብሮት ከመጣው ሌንስ ጋር። እጀታው ላይ ያለው ጎማ በላብ ተልጦ በማጣበቂያ ነው የቆመው። አመሻሽ ላይ ምስሉ አሸዋ የተረጨበት ይመስላል። «ይቺ ለመታወቂያ ናት» ብለው የሳቁባት ብዙ ናቸው። ሙሽሮቹ አሁን በስልካቸው ቪዲዮ እያሳዩ ነው የሚመጡት፦ ከጀርባዬ ያለው እንዲህ ድብዝዝ ይበልልኝ፣ እኔ ብቻ ልታይ። የፊታችን እሁድ የምታገባው ሀዊም ሥራውን የሰጠቻት አዲስ ካሜራ ልትገዛ መሆኑን ሰምታ ነው። እዩኤል ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የሕዝብ ግንኙነት ካሜራማን ነው፤ ወደ ሀዋሳ ሊመለስ ስለሆነ ካሜራውን ከትልቁ ሌንስ ጋር ሊሸጥላት አስቦ፣ እስክትወስኚ ሞክሪው ብሎ ሰጣት። ብሩም ተዘጋጅቷል።

ሞከረችው። የሌንሱን ዓይን እስከ መጨረሻ ከፈተችው። ሙሽራዋ ከዓለም ተለይታ ብቻዋን ወጣች፤ ሌላው ሁሉ ሟሟ። ብዙወርቅ ያን ቀን እጇ ላይ ክንፍ ያወጣች ያህል ነበር። በቃሉ ገመዱን ጨብጦ ከድንኳኑ አፍ ጠየቃት፦

«ዛሬ አታባርሪኝም?»

«እንዳሻህ ቁም። ብትቆምም አትታይም።»

ሳቀ። ቆመም። ቀኑን ሙሉ እንደልቡ ቆሞ ዋለ። ከዚያ ሳምንት ሳይሞላው ነው ውሃ የወሰደው።

«ቆይ» አለች ብዙወርቅ። አሮጌው ካሜራ ውስጥ ካርድ አለ። ከዚያ በፊት የነበረ ሰርግ፣ ያልገለበጠችው፣ ስለዚህም ያልሰረዘችው። ነቅላ ሰካችው። ሙሽሮች፣ ሚዜዎች፣ ሽማግሌዎች፣ ኬክ። እና አንድ።

ሁሉም ነገር ጥርት ብሏል። ድንኳኑ ላይ ያለው ስፌት ይታያል፤ ከኋላ የተደረደረው የለስላሳ ጠርሙስ ላይ ያለው ጽሑፍ ይነበባል። መሃሉ ላይ በቃሉ ጎንበስ ብሎ እየሮጠ ነው። መዳፉን ወደ ካሜራው ዘርግቶ ፊቱን ከልሎታል። ገመድ የላጠው መዳፍ። የአውራ ጣቱ ጥፍር መዶሻ አግኝቶት ጠቁሯል። ከፊቱ የሚታየው አንድ ጆሮ ብቻ ነው።

እማማ ወለተሥላሴ ተነሡ። ዓይናቸው ደክሟል፤ አፍንጫቸው መስታወቱን ሊነካ ደረሰ።

«እጁ ነው» አሉ። «እጁን አወቅሁት።»

በጣታቸው ዳሰሱት። ቆይተው ደግሞ፦

«ምን አይቶ ነው የሚሸሽ?»

አልአሚን ወለሉን አየ። ብዙወርቅ ከማውሱ ላይ እጇን አነሳች።

«ሥራ ላይ ነበር፣ እማማ።»

«ሥራማ» አሉ። ሄደው ተቀመጡ።

ብዙወርቅ ፎቶዋን ዘጋቻት። የምትሆነው ነገር ጠፋትና ወደ ቅድሙ ሰርግ ፎቶዎች ተመለሰች፤ ምናልባት አንዱ ላይ ፊቱ ቢወጣ። እዩኤል የገባው ያኔ ነው። ነገ በራሪ ነው፤ መልስ ፈልጎ ነው የመጣው። የተቀመጡትን ራሱን ዝቅ አድርጎ ሰላም ብሎ በትከሻዋ በኩል ወደ ኮምፒውተሩ አጎነበሰ።

«አየሽ? ከጀርባ ያለውን ሰውዬ እንዴት ጥርግ አድርጎ እንዳጠፋው! በአሮጌሽ ቢሆን እኮ እዚያ ተገትሮ ያበላሽብሽ ነበር።»

ገና ፈገግ እንዳለ ነው።

«ያ በቃሉ ነው» አለው አልአሚን በቀስታ። «ይሄ ደግሞ እናቱ ነው።»

እዩኤል ቆቡን አወለቀ። ነፍስ ይማር አለ፤ ለማን እንዳለው አልታወቀም። ከዚያ ግድግዳውን ተደግፎ፣ መውጣትም መቆየትም አቅቶት ቆመ።

ካሜራው አጠፋው የተባለውን ግን እማማ ወለተሥላሴ ሰምተዋል። ዳግመኛ ተነሥተው መጡ። ብዙወርቅ ልትዘጋው ስትል እጇን ያዙት።

«ተይው እስኪ።»

ረጅም ጊዜ አዩት። አንዴ ቀረብ፣ አንዴ ራቅ ብለው።

«ይኸ ቆሟል» አሉ።

«ፊቱ እኮ የለም፣ እማማ። ለቀስተኛው አያውቀውም።»

«ልጀ፣ እኔ ዓይኔ ከደከመ ወዲህ ከሩቅ ሲመጣ የማየው እንዲህ ነው። በአቋቋሙ ነው የማውቀው። ያ የቅድሙ ይሮጣል። ከሚሮጥ ልጅ ፊት ቁሜ እንዴት አለቅሳለሁ? እሱ ይሄድብኛል። ይኸ ግን አልቸኮለም፤ ቁሞ ያየኛል።» ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ። «ፊቱን እኔ አውቀዋለሁ። ይኸን አውጭልኝ።»

ብዙወርቅ አልተከራከረችም። ሙሽራዋን ቆረጠቻት። ዛሬ ደግሞ ሙሽራዋ ከፎቶው ተባረረች፤ የቬሎዋ ጫፍ ብቻ አልወጣም ብሎ ጥጉ ላይ ነጣ። ከዚያ አተመችው። ማተሚያው እየተንገጫገጨ ወረቀቱን በጥቂት በጥቂቱ ተፋ፦ መጀመሪያ የድንኳኑን ጣሪያ፣ ከዚያ ፀጉር፣ ከዚያ ያን ጭጋግ፣ ትከሻ፣ የያዘውን ገመድ፣ መጨረሻ ላይ ያሳረፈውን እግር። አልአሚን ከግድግዳው ላይ ትልቁን ፍሬም አውርዶ መስታወቱን በእጅጌው ወለወለ።

እሱ ፎቶውን ሲያስገባ እዩኤል ብዙወርቅን ወደ ደጅ ጠራት። የማንጎው ጥላ ሥር ቆሙ።

«አላወቅሁም» አላት።

«ከየት ታውቃለህ።»

«ግን ስሚኝ፤ የካሜራው ጥፋት አይደለም። የሌንሱን ዓይን ትንሽ ብትዘጊው ከኋላ ያለው ሁሉ ጥርት ብሎ ይወጣል።»

«አውቃለሁ። ያን ቀንም አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ምንድነው?»

«ማን ይዘጋዋል?» አለችው። «እንደዚያ የሚያሳምር ነገር በእጁ ይዞ ማን ይዘጋዋል? እኔ እንደማልዘጋው አይቼዋለሁ።»

ገብታ ቦርሳውን ከነካሜራው አመጣችለት። እዩኤል አልተቀበላትም፤ የእሁዷን ሙሽራ አነሳባት፣ አዲስ ካሜራ የያዙትን ሌሎቹን ፎቶ ቤቶች አነሳባት። በዚያች አሮጌ አንድ ዓመት እንኳ እንደማትቆይ ነገራት። ሁሉም እውነት ነው።

«ሀዊ በአሮጌው ካልፈለገች ሌላ ትፈልግ» አለች። «ውሰድልኝ፣ እዩኤል። ሰው እየጠበቀኝ ነው።»

ቦርሳውን ትከሻው ላይ ሰቀለችለት። ወደሚጠብቀው ባጃጅ ሄደ። በዓይኗ ተከተለችው፤ እሱን ሳይሆን ቦርሳውን። ልቧ እንደሆነ አብሮት ሄዷል፤ ማን ይዋሻል።

ስትመለስ እማማ ወለተሥላሴ ፍሬሙን በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ አቅፈው በሩ ላይ ቆመዋል። በፌስታል ይጠቅለልልዎ ቢባሉ እምቢ ብለዋል፤ ያፍነዋል አሉ። አልአሚን ከጎናቸው ሆኖ ክንዳቸውን ይዟል። የከሰዓቱ ብርሃን ሦስቱም ላይ አርፏል፤ ሁለቱ ላይና ፍሬሙ ውስጥ ባለው ላይ።

ብዙወርቅ ካርዱን መልሳ አሮጌውን ካሜራ አነሳች።

«እማማ፣ እዚያው አንዴ ይቁሙልኝ።»

ወደ ዓይኗ አስጠጋችው። ይህን ጊዜ አልአሚን ካሜራውን አየ። ልማድ ነው፤ እሱንም ከሰርግ ፎቶ ስታስወጣው ኖራለች፤ ክንዳቸውን ለቀቀ፣ ጎንበስ አለ፣ በእጁ ፊቱን ከልሎ ወደ ጎን ሊያመልጥ ተንደረደረ።

«አልአሚን።»

እንደጎነበሰ ቆመ።

«የት ትሄዳለህ?»

«አንተ እማማን አንሣ» አለ ከእጁ ጀርባ። «እኔ እዚህ ምን ይሠራል?»

«ተመለስ። ቦታህ ላይ ቁም» አለችው። «እጅህን ከፊትህ አውርድ።»

አወረደ።